ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት፦ ከባልዲ፣ ከጀሪካንና ከሃይላንድ የሚሠሩ መፍትሔዎች

ውሃ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሰፈር በርሜልና ጀሪካን የሌለው ቤት የለም። ችግሩ ግን በዕቃ ብዛት አይፈታም፤ ብዙ ጊዜ ውሃውን የሚያሳጥረው አያያዙ ነው። ለመጠጥ የተቀዳው ሽንት ቤት ይደፋል፣ ጣሳ ይዞ በርሜል ውስጥ የሚገባ እጅ ንጹሑን ይበክላል፣ ያረጀ ጎሚኒ ሌሊቱን ሲያንጠባጥብ ያድራል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቤት ውስጥ ባለ ወይም ከሰፈር ሱቅ በሚገኝ ዕቃ የሚሠራ ነው። ሁሉንም ባንድ ጊዜ መሥራት ያልቻለ ሰው ከባለ ቧንቧው ባልዲ ይጀምር፤ ከሁሉም የበለጠ ጥቅም ያለው እሱ ነው።

ስንት ሊትር ይበቃል?

በአደጋ ጊዜ እርዳታ የሚሰጡ ድርጅቶች የሚመሩበት የስፌር መስፈርት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይላል። ይህ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 75 ሊትር፣ ውሃ ለአራት ቀን ከጠፋ ደግሞ 300 ሊትር ይፈልጋል። አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜልና አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ሽንት ቤቱ በውሃ የሚለቀቅ ከሆነ ለእሱ የሚሆነው ከልብስና ከዕቃ እጥበት ካልተገኘ በቀር ይህ መጠን አይበቃም።

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። የሞላ በርሜል ከ200 ኪሎ በላይ ስለሆነ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ጫፍ ላይ አይቀመጥም፤ ቦታው ቤት ውስጥ፣ ግድግዳ ጥግ ነው። ዕቃዎቹን በሦስት ይክፈሏቸው፦ የመጠጥ፣ የእጥበት፣ የሽንት ቤት። በየመያዣቸው ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ጨርቅ ይሰሩ። ሠራተኛም ልጅም እንግዳም እንዳይሳሳት ይህ ቀላል ምልክት ይበቃል።

የዘይት ጀሪካንን ለውሃ ማዘጋጀት

ቀለም፣ ነዳጅ፣ የተባይ መድኃኒት ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ ውሃ አይሆንም። ፕላስቲኩ ጠጥቶት ቀስ እያለ ይለቀዋል። የምግብ ዘይት የነበረበት ግን ይጸዳል።

1. ሁለት ሊትር ያህል ሙቅ ውሃ (የፈላ አይሁን፣ ጀሪካኑን ያጣምመዋል) በላርጎ በጥብጠው ይጨምሩ። አንድ ሲኒ የታጠበ ደቃቅ ጠጠር ያክሉበት። እጅ የማይደርስበትን የሚፈትገው ጠጠሩ ነው።
2. ክዳኑን አጥብቀው በሁሉም ጎኑ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይናጡት። ሩብ ሰዓት አቆይተው ይድፉ። የዘይቱ ሽታ እስኪጠፋ ይደጋግሙት።
3. አረፋው እስኪያልቅ ያለቅልቁ።
4. በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና ሂሳብ ሁለት ሊትር በጥብጠው ይጨምሩ፤ ክዳኑንና አንገቱን ጨምሮ ሁሉም ቦታ እንዲነካው ያገላብጡ። ትንሹ ጊዜ 30 ሰከንድ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ቢቆይ ይሻላል። ውሃውን አፍስሰው ጀሪካኑን በአፉ ደፍተው ያድርቁት።

ብዙ ሰው ሁለተኛውን ደረጃ ይቸኩልበታል። የቀረ የዘይት ሽፋን ክሎሩን ራሱ ስለሚበላው በኋላ ለመጠጥ የሚጨመረው በረኪና ጀርሙን ለመግደል አቅም ያጣል። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ሆነ ከኮምጣጤ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚጎዳ የክሎር ጋዝ ይወጣል።

ግድግዳው ብርሃን የሚያስገባ ጀሪካን በፀሐይ ከተቀመጠ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል። ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት ወይም በጥቁር ላስቲክ ይሸፍኑት።

ሌሊት ሲመጣ

የላይኛው ፎቅ ላይ ግፊቱ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ ሌላው ሰው ሲተኛ ነው። እንቅልፍን ሳያቋርጡ ለመጠበቅ የዕቃ ማጠቢያው ማስወረጃ ክፍት መሆኑን አረጋግጠው ባዶ ጣሳ በግንባሩ ደፍተው ከቧንቧው ሥር ያስቀምጡ፤ ቧንቧውን በጣም ትንሽ ይክፈቱት። የጣሳው ድምፅ ይቀሰቅሳል። ማስወረጃው ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ግን አይሞክሩት፤ ጎረቤት ቤት ድረስ ይንጠባጠባል።

መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ዝገትና ጭቃ ይዞ ስለሚመጣ ጠርቶ እስኪታይ በሽንት ቤት ባልዲ ይቀበሉት፤ ንጹሑ ከመጣ በኋላ ወደ መጠጥ ዕቃ ይዙሩ። በውሃ ጎማ በርሜል ሲሞሉ የጎማውን ጫፍ ውሃው ውስጥ አይንከሩት፤ ከውሃው ወለል አንድ ጭብጥ ከፍ አድርገው በሲባጎ ይሰሩት። ግፊቱ ድንገት ሲወርድ መስመሩ ወደ ኋላ ስለሚስብ የተነከረ ጎማ በርሜሉን መልሶ ወደ ቧንቧ ይመጠዋል። ተሞልቶ የነበረ በርሜል ጠዋት ጎድሎ የሚገኘው አንዳንዴ በዚህ ነው፤ ወደ መስመሩ የተመለሰው ደግሞ ጎረቤት ይጠጣዋል።

ባለ ቧንቧ ባልዲ

የተከማቸ ውሃ የሚበከለው በአብዛኛው ሲጨለፍ ነው። ንጹሕ ሆኖ የተቀመጠ 20 ሊትር አንድ ያልታጠበ እጅ ወይም ወለል ላይ የነበረ ጣሳ ሲገባበት ያበቃለታል። እጅ የማይገባበት፣ ከታች የሚቀዳ ዕቃ ይህን ከሥሩ ያስቀራል።

የሚያስፈልገው፦ ክዳን ያለው ባለ 20 ሊትር የምግብ ባልዲ (ቀለም የነበረበት አይሆንም)፣ ግማሽ ኢንች የፕላስቲክ ቧንቧ ከዳዶውና ከሁለት ጎሚኒ ጋር፣ ወፍራም ምስማር፣ ፒንሳ፣ ስለታም ቢላ፣ ምላጭ፣ እስኪብርቶ።

1. ከባልዲው መቀመጫ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ግድግዳው ለስላሳ የሆነበትን ቦታ ይምረጡ። ከዚያ በታች ያለው ውሃ አይወርድም፤ ጥሩ ነው፣ ዝቃጩ እዚያ ይቀራል።
2. የቧንቧውን ጥርስ ያለው ጫፍ አስደግፈው ዙሪያውን ይሳሉ። የግማሽ ኢንች ጥርስ የውጭ ስፋቱ 21 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቀዳዳው ከመስመሩ ውስጥ እንጂ ከውጭ መሆን የለበትም።
3. ምስማሩን በፒንሳ ይዘው በእሳት ያግሉ፤ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ተጠጋግተው በክብ ይብሱ። ይህን ደጅ፣ ነፋስ ጢሱን ከፊትዎ በሚወስድበት በኩል ቆመው ይሥሩት። በቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን በቢላ ቆርጠው ክቡን ያውጡ።
4. ጠርዙን በምላጭ ይፋቁ። ቧንቧው ሲጠመዘዝ ብቻ የሚገባ፣ ሲገፋ የማያልፍ መሆን አለበት።
5. ቅደም ተከተሉ ከውጭ ወደ ውስጥ ቧንቧ፣ ጎሚኒ፣ የባልዲው ግድግዳ፣ ጎሚኒ፣ ዳዶ ነው። በእጅ እስኪጠብቅ አጥብቀው በፒንሳ ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ።
6. ግማሽ ድረስ ሞልተው ደረቅ ካርቶን ላይ አንድ ሰዓት ያቆዩት። ካርቶኑ ካልረጠበ ተሳክቷል።

ከፈሰሰ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ቀልጦ የደረቀ ጉብታ ከቀዳዳው ዙሪያ ከቀረ ጎሚኒው አይለጠፍም፤ ፈትተው ይፋቁት። ግድግዳው በጣም የሚጎብጥ ከሆነ ጎሚኒው በሁለት በኩል ብቻ ይነካል፤ ወፈር ያለ ጎሚኒ ያስፈልጋል። ከሚገባው በላይ ከተጠበቀ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ያ ባልዲ ከእንግዲህ ለእጥበት ብቻ ነው። ቴፍሎን መጠቅለል እዚህ ላይ አይረዳም፤ ውሃውን የሚይዘው የጎሚኒው ፊት እንጂ ጥርሱ አይደለም። ሁለተኛው ጎሚኒ ከጠፋ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጦ መተካት ይቻላል፤ ግን በውጭ በኩል ይሁን፣ ዋናው ከውሃው ጋር ይገናኝ።

ባልዲ ካልተገኘ ጀሪካንም ይሆናል። በጎኑ ቀዳዳ ቢወጣ እጅ ገብቶ ዳዶውን መያዝ ስለማይችል ቧንቧውን ክዳኑ ላይ ይግጠሙት። ጀሪካኑን ክዳኑ ከታች እንዲሆን በጎኑ ያጋድሙና በሁለት እንጨት ይደግፉት፤ ከላይ በቀረው ጎን ትንሽ የአየር ቀዳዳ በስተው በብሎን ይክደኑት። ሲቀዱ ብሎኑን ላላ ያድርጉ። አየር ካልገባ ውሃው ጉልጉል እያለ ይቆማል።

ይኸው የአየር ነገር ለእጅ መታጠቢያ ይጠቅማል። ጠንካራ ግድግዳ ያለው ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ከሥሩ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በ4 ሚሊ ሜትር ምስማር ይብሱ። ክዳኑ ሲጠብቅ ውሃው ይቆማል፣ ሲላላ በቀጭኑ ይወርዳል። ስስ ሃይላንድ ለዚህ አይመችም፣ ሲነኩት ተጨምቆ ይፈስሳል። ሃይላንዱ የሚሻለው ለሌላ ሥራ ነው፦ ክዳኑን በጋለ መርፌ ስምንት ዘጠኝ ቦታ በስተው ሳሙና የተቀባ ሰሐን ሲያለቀልቁበት በጆግ ከማፍሰስ እጅግ ያነሰ ውሃ ይፈጃል።

ከበርሜል መቅዳት

በጣሳ ፋንታ ሁለት ሜትር ንጹሕ ጎማ ይጠቀሙ። ጎማውን ከጆግ ውሃ ይሙሉትና ሁለቱንም ጫፍ በአውራ ጣት ይድፈኑ። አንዱን በርሜሉ ውስጥ፣ ሌላውን ከበርሜሉ ውሃ ወለል ዝቅ ባለ ቦታ አድርገው ይልቀቁ፤ ራሱ ይፈስሳል። በአፍ መሳብ ክልክል ይሁን። ውስጥ የሚገባውን ጫፍ ከንጹሕ ዘንግ ጋር አስረው ከሥሩ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት፣ ያለበለዚያ ዝቃጩን ይዞ ይወጣል።

ለመጠጥ ማከም

መጀመሪያ ማጥራት ይቀድማል። ድፍርስ ውሃ አንድ ሌሊት ይደር፤ ከላይ ያለውን በአራት በተጣጠፈ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አጥልለው ያንሱ። ከዚያ ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ።

በረኪና፦ ሽታና ሳሙና ያልተጨመረበት፣ 5 በመቶ መሆኑ የተጻፈበት ብቻ። ለአንድ ሊትር ጥሩ ውሃ 2 ጠብታ፤ ለ20 ሊትር 2 ሚሊ ሊትር፤ ለ200 ሊትር በርሜል 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አራት የሻይ ማንኪያ። ጠብታ ከመቁጠር ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አዲስ ሲሪንጅ ይሻላል። ከተጠለለም በኋላ ደብዘዝ ያለ ውሃ እጥፉን ይፈልጋል። አማስለው 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ ሲያሸቱት ቀለል ያለ የክሎር ሽታ ሊኖረው ይገባል። ካልሸተተ ያንኑ መጠን ደግመው 15 ደቂቃ ያቆዩ። አሁንም ካልሸተተ ውሃው በጣም ቆሻሻ ነው ወይም በረኪናው ሞቷል፤ ለመጠጥ አይሁን። በረኪና ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው ይደክማል፣ ተከፍቶ ዓመት የቆየ አይታመንም። መጠኑ ያልተጻፈበት፣ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ በረኪና ለወለል ይሁን። «ውሃ አጋር» የተባለውን ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ የተዘጋጀ ክሎር የገዛ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ትቶ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ይከተል፤ የተዘጋጀበት ጥንካሬ የራሱ ነው።

ማፍላት፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በ2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ ከተሞች ሲንተከተክ አንድ ደቂቃ ሳይሆን ሦስት ደቂቃ ያቆዩት። የፈላ ውሃ እንደ ክሎር የሚጠብቀው ነገር የለውም፤ በባለ ቧንቧ ዕቃ ካልተቀመጠ ተመልሶ ይበከላል።

ፀሐይ፦ ማገዶም በረኪናም ለሌለው ቤት። ቀለም የሌለው፣ ያልተፋተገ፣ ከሁለት ሊትር የማይበልጥ ሃይላንድ ይምረጡ፤ ወረቀቱን ይላጡ። ሦስት አራተኛ ሞልተው 20 ሰከንድ ይናጡ፣ ከዚያ እስከ አፉ ይሙሉ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አጋድመው ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያግኘው፤ ሰማዩ ግማሹ ከተሸፈነ ሁለት ቀን ተከታታይ ይፈልጋል። ሲዘንብ በዋለበት ቀን አይሠራም፣ ስለዚህ በክረምት አይተማመኑበት። ጥራቱን ለመፈተን ጠርሙሱን ጋዜጣ ላይ አቁመው ከአፉ ወደ ታች ይመልከቱ፤ የርዕሱ ፊደል ካልተነበበ ገና መጥለል አለበት።

በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ አለው። ከላይ ያሉት ሁሉ ጀርም እንጂ ፍሎራይድ አያወጡም፤ ማፍላት እንዲያውም ውሃው ስለሚተን ያጠነክረዋል። እዚያ ለሕፃናት መጠጥ ተጠራቅሞ የታከመ የዝናብ ውሃ ይሻላል።

ሽንት ቤት

የልብስ ማለቅለቂያውን ውሃ በተለየ ባልዲ ያጠራቅሙ። ከአምስት እስከ ስድስት ሊትር ይዘው ከወገብ ከፍታ በአንድ ጊዜ፣ ሳያቋርጡ ወደ መቀመጫው ይድፉት። ቀስ ብሎ የፈሰሰ 10 ሊትር የማያወርደውን ባንድ የተደፋ 5 ሊትር ያወርዳል፤ ቆሻሻውን የሚስበው የውሃው ብዛት ሳይሆን ፍጥነቱ ነው።

ከመቀመጫው ኋላ ያለው የውሃ ሳጥን ትልቅና አሮጌ ከሆነ አሸዋ የሞላ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ተንሳፋፊውን በማይነካበት ጥግ ይቁምበት፤ በየልቀቱ አንድ ሊትር ይተርፋል። ሁለት ጊዜ መልቀቅ ካስፈለገ ግን ያውጡት፣ ኪሳራ ነው። ሸክላ ጡብ አይጠቀሙ፣ እየፈረሰ መዝጊያውን ያበላሻል።

ሳጥኑ በድብቅ እንደሚያፈስ ለማወቅ ግማሽ ብርጭቆ የቀይ ሥር ጭማቂ ይጨምሩበትና 20 ደቂቃ ሳይለቁ ይጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ቀለም ከታየ የታችኛው ጎማ አይዘጋም። አንዳንዴ አውጥቶ የተጋገረበትን ኖራ መጥረግ ብቻ ይበቃል።

የሚንጠባጠብ ቧንቧ

ስንት እንደሚያባክን ለማወቅ ከሥሩ ዕቃ አስቀምጠው በአንድ ሰዓት የተጠራቀመውን በ24 ያባዙ።

ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ይዝጉና ቧንቧውን ከፍተው የቀረውን ያስወርዱ። የማስወረጃውን ቀዳዳ በጨርቅ ይድፈኑ፣ ትንሿ ብሎን የምትጠፋው እዚያ ነው። እጀታውን በካቻቢቴ፣ ከሥሩ ያለውን አካል በመፍቻ ይፍቱ። ጫፉ ላይ ያለው ጎሚኒ ክብ ጎድጓድ ከወጣበት አርጅቷል። ሱቅ እስኪከፈት ገልብጦ መግጠም ለጥቂት ቀን ይሠራል። እሱም ካልሆነ አሮጌውን በወፍራም ጎማ ላይ አስቀምጠው፣ ለምሳሌ በበረባሶ ቁራጭ፣ ዙሪያውን ስለው በዚያው ስፋትና ውፍረት ይቁረጡ። አዲስ ጎሚኒ ገብቶም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጎሚኒው የሚያርፍበት የነሐስ ጠርዝ ተበልቷል። ያን ጊዜ በጉልበት ማጥበቅ አዲሱንም ይቆርጠዋል፤ ቧንቧውን መቀየር ነው።

የዝናብ ውሃ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 400 ሊትር፤ በፍንጣሪና በአሸንዳ መገጣጠሚያ የሚባክነው ተቀንሶ 320 ሊትር ያህል ይገኛል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይህ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሞላ ይችላል። መጀመሪያ የሚወርደው የወፍ ኩስና አቧራ ስለሚያጥብ ለዚህ ጣሪያ የመጀመሪያውን 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን፣ ለይተው ለሽንት ቤት ያድርጉ። ከዚያ በኋላ አሸንዳውን ወደ በርሜሉ ያዙሩ፣ አፉ ላይ ጨርቅ ወጥረው ይሰሩ።

ጨርቁ ለቅጠል ብቻ አይደለም። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 በደንጊ፣ በ2019 ደግሞ በቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተመትታለች፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ቤት ውስጥ በተከማቸ ንጹሕ ውሃ ትራባለች። እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው ወለል በላይ ባለው የበርሜል ግድግዳ ላይ ስለሆነ ውሃውን ደፍቶ መሙላት ብቻ አያጠፋትም። በቆላ ከተሞች በርሜሉን በሳምንት አንድ ቀን፣ ውሃው በጎደለበት ዕለት፣ ውስጡን በብሩሽ ፈትገው አለቅልቀው ይሙሉት። ክዳኑና በርሜሉ መካከል ክፍተት ካለ ጨርቁን ከክዳኑ ሥር አድርገው ዙሪያውን በጎማ ማሰሪያ ይወጥሩት።